የአስኳል ከረጢት ምንድን ነው? የዓሣ ጫጩት ይዞት የሚወለደው ስንቅ

አንድ ቅዳሜ ጠዋት የእህቴ ልጅ ልደታ ወዳለው ቤቴ መጣች። ሳሎን ውስጥ ወዳለው አኳሪየም ጠጋ አለችና የስልኳን መብራት ወደ ሸክላው ዋሻ አበራች። ብዙ ከቆየች በኋላ «ጋሼ፣ እነዚህ ምግብ አይሰጣቸውም እንዴ? አይርባቸውም?» አለችኝ።

ዋሻው ውስጥ ያየቻቸው ከተፈለፈሉ ሁለት ቀናቸው የሆኑ የብሪስልኖዝ ጫጩቶች ናቸው። አይርባቸውም። ስንቃቸውን ሆዳቸው ላይ አንጠልጥለው ነው የተወለዱት። ያ ስንቅ የአስኳል ከረጢት ይባላል።

ብሪስልኖዝ የደቡብ አሜሪካ ዓሣ ነው። አፉ እንደ መምጠጫ ሆኖ መስታወትና እንጨት ላይ ይለጠፋል፤ አልጌ እየጋጠ ይኖራል። ከእኛው አምባዛ ጋር በሩቁ ይዛመዳል። የወንዱ አፍንጫና ግንባር ላይ ቅርንጫፍ ያላቸው ጢሞች ይበቅላሉ። ሴቷ ዋሻ ውስጥ ብርቱካናማ እንቁላሎቿን ትጥልና ትወጣለች። የአራስ ቤቱ ሥራ የአባት ነው። ወንዱ የዋሻውን በር ዘግቶ ይቀመጣል፤ በክንፉ ውሃ እያራገበ እንቁላሎቹ አየር እንዲያገኙ ያደርጋል። እንደ ውሃው ሙቀት ከሳምንት ባልራቀ ጊዜ ውስጥ ይፈለፈላሉ።

ወዲያው የተፈለፈለውን ጫጩት ቀረብ ብላችሁ እዩት። አንድ የምስር ክክ አስቡ፤ ከኋላው ቀጭን፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ጭራ ተቀጥሎበታል። ከፊት ሁለት ጥቁር ነጥቦች አሉ፤ ዓይኖቹ ናቸው። ክኩ የአስኳል ከረጢቱ ነው። ከዓሣው ይልቅ ከረጢቱ ይገዝፋል። በአጉሊ መነጽር ካያችሁት ደግሞ በከረጢቱ ላይ ቀጫጭን የደም ሥሮች ተዘርግተዋል። ምግቡ የሚሄደው በእነዚህ ነው። ጫጩቱ አስኳሉን በአፉ አይበላውም። በውስጡ ያለው ፕሮቲንና ስብ ቀስ በቀስ እየሟሟ በደም ሥሮቹ በኩል ወደ ሰውነቱ ይገባል። በዚያ ምግብ ነው አንጀቱ ተሠርቶ የሚያልቀው፣ ክንፉ የሚወጣው፣ ቆዳው የሚጠቁረው።

ነገሩ ለእኛ አገር ሰው እንግዳ አይደለም። የአንድ ቀን የዶሮ ጫጩት በካርቶን ታሽጎ ረጅም መንገድ ሲጓዝ አይታችኋል። ሳይበላ የሚደርሰው የእንቁላሉ አስኳል የተረፈው በሆዱ ውስጥ ስላለ ነው። የዶሮው ወደ ውስጥ ይገባል፣ የዓሣው ውጭ ይንጠለጠላል፤ ልዩነታቸው ይኸው ነው። የሐይቆቻችን ቆሮሶም እንዲሁ ከረጢት ይዞ ይወለዳል። እናቱ ይህ ስንቅ እስኪያልቅ ድረስ በአፏ ይዛ ታቆየዋለች።

የብሪስልኖዝ ጫጩት ከረጢቱን ለመጨረስ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት እስከ ስድስት ቀን ይወስድበታል። ውሃው ሞቅ ሲል ይፈጥናል፣ ሲቀዘቅዝ ይጎተታል። እስከዚያ ዋሻው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይቆያል።

እኔ ይህን የተማርኩት በኪሳራ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሲፈለፈሉልኝ ይራባሉ ብዬ በፍጹም ርኅራኄ የተቀቀለ እንቁላል አስኳል አድቅቄ በተንኩላቸው። አንዱም አልነካውም። ማታ ውሃው እንደ አብሽ ውሃ ደፈረሰ። ጠዋት ብዙዎቹ ሞተው ነበር። ያልተበላ ምግብ ሲበሰብስ አሞኒያ የሚባል መርዝ ይፈጥራል። አሞኒያ ትልቁን ዓሣ ያሳምማል፤ ጫጩቱን ግን ይገድለዋል። ዛሬም ሳስበው ይቆጨኛል፤ ምንም ባልሰጣቸው ኖሮ ይተርፉ ነበር።

ስለዚህ ክኩ እስካለ ድረስ እጃችሁን ሰብስቡ። ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ከረጢቱ አልቆ ሆዱ ጠፍጣፋ ሲሆን ጫጩቱ ከዋሻው ይወጣል፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ምግብ አጠገቡ መጥፋት የለበትም። እንደ ፍየል ሲግጥ የሚውል ፍጥረት ነው። ጠዋትና ማታ ብቻ ብትሰጡት አይበቃውም። ብዙ ጫጩት የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው፤ ስንቁ አልቆ ገበታው ሳይቀርብ።

እኔ ከሰፈር ጉሊት ዝኩኒ እገዛለሁ። ተባይ ማጥፊያ ተረጭቶ እንደሆነ ስለሚያሰጋኝ በደንብ አጥባለሁ። በስሱ ከትፌ ለሁለት ሦስት ደቂቃ በፈላ ውሃ አለሰልሰዋለሁ፤ ከቀዘቀዘ በኋላ ሹካ ሰክቼበት ወደ ታች እንዲሰጥም አደርጋለሁ። ቆስጣም ይወዳሉ። በማግስቱ የተረፈውን አውጥቶ አዲስ መተካት ነው። አኳሪየሙ ውስጥ የቆየ እንጨት ካለ ደግሞ በላዩ የሚበቅለው የሚያሙለጨልጭ ስስ ንጣፍ ለጫጩት እንደ እናት ጡት ነው። ከመፈልፈላቸው በፊት ያንን ንጣፍ ፈግፍጋችሁ አታጽዱት።

አዲስ አበባ ላይ ግን ከምግቡ ይልቅ አየሩና ውሃው ያስቸግራል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ናት። የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ስለዚህ ውሃው የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። የአየር ፓምፕ እዚህ ቅንጦት አይደለም። የውሃ ማጣሪያውም ስፖንጅ ያለው ይሁን፤ ኃይለኛው ማጣሪያ ጫጩቱን ስቦ ይወስደዋል።

መብራት ሲጠፋ ፓምፑም ማሞቂያውም አብረው ይቆማሉ። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ደግሞ ታውቁታላችሁ። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ፓምፕ አስቀምጫለሁ። አኳሪየሙንም ላዩን ሳልደፍን በጎን በጎኑ በብርድ ልብስ እጠቀልለዋለሁ። ውሃውን ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ባለው መካከል መያዝ ነው የሚፈለገው።

የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ሲመጣ አንዳንዴ በረኪና በረኪና ይላል። ክሎሪን ነው። በክፍት ባልዲ አንድ ሙሉ ቀን ካደረ ክሎሪኑ ተንኖ ይወጣል። እኔ ሁልጊዜ አንድ ባልዲ አሳድራለሁ። ጫጩት ባለበት ጊዜ ከሙሉ ውሃው አንድ አሥረኛውን ያህል በየሁለት ቀኑ እቀይራለሁ፤ አዲሱ ከአሮጌው እኩል ለብ ማለት አለበት።

በሳምንቱ የእህቴ ልጅ ተመልሳ መጣች። ጫጩቶቹ ከዋሻ ወጥተው መስታወቱ ላይ ተለጥፈዋል፤ ሆዳቸው ፊት ለፊት ይታያል። ጎድጎድ ያለ ሆድ ካያችሁ ጫጩቱ ተርቧል ማለት ነው። የእኛዎቹ ሞላ ብለው ነበር። ክኩ የለም። ጣቷን መስታወቱ ላይ አድርጋ አንድ በአንድ ቆጠረቻቸው፤ 43 ደረሰች። ሹካው ላይ የቀረው የዝኩኒው ልጣጭ ብቻ ነበር። «ልጨምርላቸው?» አለችኝ። ጨምሪላቸው አልኳት።