የጎርፍ መከላከያ ሲፈርስ ማን ይጠየቃል? የ1928ቱ የአሜሪካ ሕግ

እ.ኤ.አ. ኦገስት 2005 ካትሪና አውሎ ነፋስ ኒው ኦርሊንስን ሲመታ ከከተማዋ 80 በመቶ ያህሉ በውሃ ተዋጠ። ከንቲባው፣ የሉዊዚያና አገረ ገዥና ዋይት ሐውስ ወዲያው ጣት መቀሳሰር ጀመሩ።

ከ1965ቱ የቤትሲ አውሎ ነፋስ በኋላ ኮንግረስ የከተማዋን የጎርፍ መከላከያ ንድፍና ግንባታ ለአሜሪካ ጦር ሠራዊት መሐንዲሶች ኮር ሰጠ። ጥገናው የአካባቢ ቦርዶች ድርሻ ሆነ። ስለዚህ «ቦርዶቹ ቸል ብለው ነው» የሚለው ክስ በከተማዋ የ17ኛው ጎዳና የውሃ ማፍሰሻ ቦይ የደረሰውን አያስረዳም። እዚያ የቦዩ ግንብ የተደረመሰው ውሃው አናቱን ሳያልፍ ነው። ግንቡን የሚይዙት የብረት ሰሌዳዎች በበቂ ጥልቀት አልተተከሉም ነበር። ውሃው ሲገፋው ግንቡ ዘመም አለ፤ በግንቡና በአፈሩ መካከል ክፍተት ተፈጠረ፤ ውሃ ገባበት፤ ከሥሩ ያለው ለስላሳ ሸክላ አፈር ተንሸራተተ። ይህ የንድፍ ጉድለት ነው፤ ኮሩም በ2006 አምኗል።

ካሳውስ? የ1928ቱ የጎርፍ መቆጣጠሪያ ሕግ የፌዴራል መንግሥቱን በጎርፍ ውሃ ለሚደርስ ጉዳት አያስከስስም። ልብ በሉ፦ «አይከሰስም» ማለት «አላጠፋም» ማለት አይደለም። የፌዴራል ዳኛው በ2008 በከተማዋ ቦዮች መደርመስ የቀረበውን ክስ ሲዘጉ ኮሩን በብርቱ ነቅፈዋል። ቤቱ ለፈረሰበት ሰው ግን ነቀፋ ጣሪያ አይሆንም።

በሕጉ ላይ አንድ ቀዳዳ ነበረ። የሚሲሲፒን ወንዝ ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ የሚያገናኘው ቦይ የተቆፈረው ለመርከብ እንጂ ለጎርፍ መከላከያ ስላልሆነ፣ ቦዩ ጎርፉን አባብሷል ያሉ ከሳሾች በ2009 አሸነፉ። በ2012 ግን ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በሌላ ሕግ ሻረው፤ መንግሥት በፖሊሲ ምርጫው ለወሰነው ጉዳይ ካሳ አይጠየቅም በሚል።