የእንግሊዝ ገጠር ቤትና የልጅነት ኑሮ

የእንግሊዝ ገጠር ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚመጣው የካላንደር ፎቶ ነው። የሣር ክዳን ቤት፣ በሩ ላይ የተጠመጠመ ጽጌረዳ፣ ከኋላ የቤተ ክርስቲያን ማማ። ፎቶው ውሸት አይደለም። ግን በዚያ ቤት ስንት ልጅ በአንድ አልጋ ይተኛ እንደነበር፣ ውሃው ከየት ይቀዳ እንደነበር አይናገርም። ከሁሉ በላይ ቤቱ የማን እንደነበር አይናገርም። ይህ ዳሰሳ በዋናነት የሚመለከተው ከ1900 እስከ 1950ዎቹ ያለውን ጊዜ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከዚያ በፊት የነበረው ባጭሩ ይኸው። ከ1604 እስከ 1914 የእንግሊዝ ፓርላማ ከ5,200 በላይ የመሬት አጥር ሕጎችን አወጣ። ከአገሪቱ መሬት አንድ አምስተኛ የሚሆነውን የሚመለከቱ ነበሩ። ድሃው ላሙን ያሰማራበት፣ እንጨት የለቀመበት የጋራ መሬት በአጥር ተከልሎ የግለሰብ ሆነ። በ1851 የሕዝብ ቆጠራ ላይ የከተማው ነዋሪ ከገጠሩ በለጠ። በመንደር የቀረው ገበሬ ሲባል ብዙው መሬት የሌለው፣ በሳምንት ደመወዝ የሚያድር የእርሻ ሠራተኛ ነበር።

ቤቱ

ቤት የሚሠራው በአካባቢው ከሚገኘው ነገር ነው። በኮትስዎልድስ ኮረብቶች ወርቃማ የኖራ ድንጋይ፣ በሄርፎርድሺር የእንጨት ማገር፣ በሰሴክስ ባልጩትና ጡብ። በዴቨን ደግሞ ጭቃ ከጭድ ጋር ተቦክቶ ወፍራም ግድግዳ ይሆናል። ከእኛ ጭቃ ቤት የሚለየው የእንጨት ማገር ስለሌለው ነው። ግድግዳው ራሱን ችሎ ይቆማል፤ ከታችና ከላይ ዝናብ ካልገባበት ዘመናት ይቆያል።

የሠራተኛው ቤት በአብዛኛው ከታች ሁለት ክፍል፣ ከላይ ሁለት ክፍል ነበር። ከታች ካሉት አንዱ ሳሎን ነው። ሳሎኑ ለእሑድ፣ ለገናና ለለቅሶ ካልሆነ አይከፈትም። ሰው የሚውለው ወጥ ቤት ነው። እዚያ የድንጋይ ከሰል የሚበላ የብረት ምድጃ አለ። ምግብ የሚበስለው፣ ውሃ የሚሞቀው፣ ካልሲ የሚደርቀው በእሱ ላይ ነው። ምድጃውን በጥቁር ቀለም መወልወል የእናት ወይም የትልቋ ልጅ ሥራ ነበር።

ውሃ ከጉድጓድ ወይም ከመንደሩ የእጅ ፓምፕ ይቀዳል። መብራቱ የላምባ ፋኖስ ነው፤ ወደ መኝታ ሲወጣ ሻማ። ሽንት ቤቱ ጓሮ መጨረሻ ላይ ነው። ባልዲው ሲሞላ አባት ጓሮው ውስጥ ጉድጓድ ቆፍሮ ይደፋዋል፤ በዓመቱ እዚያው ላይ ጎመን ይበቅላል። ለወረቀት የተቆራረጠ ጋዜጣ በክር ተሰክቶ ይንጠለጠላል። ለሌሊት ከአልጋ ሥር ፖፖ አለ።

ሰኞ የልብስ አጠባ ቀን ነው። ይህን ያልተናገረ ሽማግሌ አይገኝም። በጡብ ተገንብቶ ከሥሩ እሳት የሚነድበት ትልቅ የመዳብ ጋን ነበር። ልብሱ እዚያ ይቀቀላል፤ ከዚያ በእጅ በሚዞር መጭመቂያ ይጨመቃል። ምሳ ከእሑድ የተረፈ ቀዝቃዛ ሥጋ ነው፤ ማንም ለማብሰል ጊዜ የለውም። ገላ መታጠቢያ ቀን ደግሞ ዓርብ ወይም ቅዳሜ ማታ ነው። የቆርቆሮው ገንዳ ከግድግዳ ይወርድና እሳቱ ፊት ይቀመጣል። ቤተሰቡ በተራ በአንድ ውሃ ይታጠባል። የመጨረሻው ልጅ ምን ዓይነት ውሃ እንደሚደርሰው መገመት አይከብድም።

የማን ቤት?

ብዙዎቹ ቤቶች ከሥራው ጋር የተሳሰሩ ነበሩ። ቤቱ የባለርስቱ ወይም የእርሻው ጌታ ነው። አባት ሥራውን ካጣ፣ ከታመመ ወይም ከሞተ ቤተሰቡ ይለቃል። የእርሻ ውል ከሚታደስባቸው ቀኖች አንዱ ሴፕቴምበር 29 የሚከበረው የሚካኤል በዓል ነበር። በዚያ ሰሞን የቤት ዕቃና ልጆች የተጫኑባቸው ጋሪዎች ከመንደር መንደር ይሄዳሉ። ልጅ የተወለደበትን ቤት ብቻ ሳይሆን ትምህርት ቤቱንም ይቀይራል።

ይህን ሳያዩ የመንደሩን ጸጥታ መረዳት አይቻልም። ሰው በጌታው ፊት ባርኔጣውን የሚያወልቀው በጨዋነት ብቻ አልነበረም። በ1834 በዶርሴት፣ ቶልፐድል መንደር ደመወዝ እንዳይቀነስ ማኅበር ያቋቋሙ 6 የእርሻ ሠራተኞች ተፈርዶባቸው ወደ አውስትራሊያ ተግዘዋል። በ1872 የእርሻ ሠራተኞችን ብሔራዊ ማኅበር የመራው ጆሴፍ አርች ሥራ የጀመረው ገና በ9 ዓመቱ ነው፤ ወፍ ጠባቂ ሆኖ።

ወፍ መጠበቅ፣ ድንጋይ ከማሳ መልቀም፣ ድንች ማውጣት የልጅ ሥራ ነበር። ከአጨዳ በኋላ ደግሞ ቃርሚያ አለ። እናቶች ከነልጆቻቸው ወደ ማሳው ይወርዳሉ። በብዙ መንደሮች የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ሲመታ ብቻ ነው የሚጀመረው፤ ማንም ቀድሞ እንዳይገባ። በ1788 ፍርድ ቤት ቃርሚያ መብት አይደለም ብሎ ነበር። መንደሩ ግን ፍርዱን ያልሰማ መስሎ ብዙ ዘመን ቃረመ። ከተቃረመው ስንዴ ለክረምት ዱቄት ይወጣል።

አሳማውም መነሳት አለበት። አቅም ያለው ቤት ሁሉ አንድ አሳማ ጓሮው ውስጥ ያሳድጋል። ሲታረድ ለጎረቤት ይላካል፤ ጎረቤትም በተራው ሲያርድ ይልካል። ሥጋው በጨው ይታሻል፣ ስቡ ቀልጦ ከዳቦ ጋር ይበላል።

ትምህርት ቤቱና የበርስተን ልጆች

የ1870ው ሕግ ትምህርት ቤት በየቦታው እንዲኖር አደረገ። በ1880 ትምህርት ግዴታ ሆነ፤ በ1891 አብዛኛው ክፍያ ቀረ። የመንደር ትምህርት ቤት አንድ ትልቅ ክፍልና አንድ ምድጃ ነው። ምድጃው አስተማሪዋ አጠገብ ስለሆነ ኋላ የተቀመጠ ይበርደዋል። አብዛኞቹ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤቶች በመሆናቸው የአጥቢያው ቄስ ሲፈልግ ይገባል፣ ይጠይቃል። በአጨዳ ጊዜ ወንበሩ ባዶ ይሆናል። ለዚያም ነው ረጅሙ ዕረፍት ከመከር ጋር እንዲገጥም የተደረገው።

ከሁሉም ትምህርት ቤቶች ታሪኩ በደንብ ተመዝግቦ የቀረው በኖርፎክ ያለው በርስተን ነው። መምህራኑ ቶምና ኪቲ ሂግደን ባልና ሚስት ነበሩ። ቶም የእርሻ ሠራተኞችን ያደራጅ ነበር፤ በ1913 ለመንደሩ ምክር ቤት ተመርጦ ቄሱን አሸነፈ። ብዙ ሳይቆይ ሁለቱም ተባረሩ። አስተዳዳሪዎቹ ያቀረቡት ምክንያት ኪቲ ሁለት ልጆችን ያለ አግባብ ቀጥታለች፣ ያለ ፈቃድም የክፍሉን እሳት አስነድዳለች የሚል ነው። መንደሩ አላመነም። እውነት ለመናገር ማመን ይከብዳል።

ኤፕሪል 1 ቀን 1914 ከ72 ተማሪዎች 66ቱ ሰልፍ ወጡ። የመራችው ቫዮሌት ፖተር የምትባል የ13 ዓመት ልጅ ናት። ትምህርቱ መጀመሪያ በመንደሩ ሜዳ፣ ቀጥሎ በአናጢ ቤት ቀጠለ። ወላጆች ተቀጡ፤ ከቤተ ክርስቲያኑ መሬት ተከራይተው የሚያርሱ ሰዎች ቁራሻቸውን ተነጠቁ። ሰዎቹ ግን ወይ ፍንክች አሉ። በ1917 የሠራተኛ ማኅበራት ባዋጡት ገንዘብ የራሳቸው ትምህርት ቤት ተሠራ፤ እስከ 1939 አስተማረ። በእንግሊዝ ታሪክ ረጅሙ አድማ ነው ይባላል። ሕንጻው ዛሬም ቆሟል።

ጦርነቱ ቤት ውስጥ ሲገባ

የአንደኛው የዓለም ጦርነት በየመንደሩ መሃል የስም ዝርዝር ያለበት የድንጋይ ሐውልት ትቶ ሄደ። ሁለተኛው ግን ቤት ድረስ ገባ። ዛሬ ልጅነታቸውን የሚተርኩት ሰዎች የዚያን ጊዜ ልጆች ስለሆኑ ትዝታውም እዚያ ላይ ይበዛል።

ከሴፕቴምበር 1 ቀን 1939 ጀምሮ በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ 1.5 ሚሊዮን ሰው፣ አብዛኛው ልጅ፣ ከቦምብ ሽሽት ከከተማ ወደ ገጠር ተጓዘ። ልጆቹ ስማቸው የተጻፈበት ወረቀት ደረታቸው ላይ ታስሮ፣ የጋዝ መከላከያ ጭንብላቸውን አንጠልጥለው ከባቡር ወረዱ። በመንደሩ አዳራሽ ተደርድረው ባለቤቶች መረጧቸው። ጠንካራ ወንድ ልጅ ለእርሻ፣ ንጹሕ ሴት ልጅ ለቤት። የመጨረሻው ላይ የቀሩት ያንን ሰዓት አልረሱትም። መንግሥት ለተቀባዩ ለአንድ ልጅ በሳምንት 10 ሺሊንግ ከ6 ፔንስ ይከፍላል፤ ከአንድ በላይ ከሆኑ ለእያንዳንዱ 8 ሺሊንግ ከ6 ፔንስ። ትርፍ ክፍል ያለው እምቢ ማለት አይችልም።

የከተማ ልጅ ላም አይቶ አያውቅም ነበር የሚለው ወሬ በሰፊው ይነገራል። ብዙ የማይነገረው ተቃራኒው ነው። ቤታቸው ቧንቧና መብራት የለመዱ ልጆች በጨለማ ጓሮ አቋርጠው ወደ ባልዲው መሄድ አስፈራቸው። ቦምቡ ቶሎ ባለመምጣቱ ብዙዎቹ የገና በዓል ሳይደርስ ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

ራሽኑ፣ ማለትም መንግሥት ምግብን ለየሰው መጥኖ ማደሉ፣ ጃንዋሪ 8 ቀን 1940 በቤከን (በጨው በታሸ የአሳማ ሥጋ)፣ በቅቤና በስኳር ጀመረ። ያበቃው ጁላይ 4 ቀን 1954 ነው። ከረሜላ የተለቀቀው በ1953 ሲሆን ልጆች ሱቁ ፊት ተሰለፉ። በዚህ ገጠሩ ከከተማው ይሻል ነበር፤ ጓሮ አለው፣ ዶሮ አለው፣ ጥንቸል አለው። ብርቱካን ከባሕር ማዶ መምጣት ሲያቅተው ልጆች የዱር ጽጌረዳ ፍሬ ይለቅሙ ነበር። ለቫይታሚን ሲ ሽሮፕ ይፈላል። የሴቶች ማኅበራት ደግሞ የወቅቱ ፍራፍሬ እንዳይበላሽ በየአዳራሹ ማርማላታ ሠሩ። እነዚህን ሴቶች በማርማላታ ብቻ ማስታወስ ግፍ ነው። ማኅበራቸው ለመንደር የቧንቧ ውሃ ዓመታት የወተወተ ነው።

በ1940 የጀርመን ወታደር መንገድ እንዳያገኝ የአቅጣጫ ምልክቶች ተነቀሉ። የቤተ ክርስቲያን ደወሎችም ዝም አሉ፤ የሚመቱት ጠላት ከገባ ብቻ ነው ተባለ። የዘመቱ ወንዶችን ቦታ የእርሻ ጦር የሚባሉት ሴቶች ያዙ፤ በበዙበት ጊዜ ከ80,000 በላይ ነበሩ። በ1941 አጋማሽ ደግሞ በሰሜን አፍሪካ የተማረኩ ጣሊያኖች ለእርሻ ሥራ መምጣት ጀመሩ። እዚህ ላይ የእኛ አንባቢ ፈገግ ሊል ይችላል። በሙሶሊኒ ወረራ የተሰደዱት ንጉሠ ነገሥት ከ1936 እስከ 1940 ባዝ ከተማ ተቀምጠው ነበር። በሜይ 1941 አዲስ አበባ ገቡ። በዚያው ዓመት የሙሶሊኒ ወታደር የእንግሊዝ ገበሬ ማሳ ላይ ነበር።

ቤታቸውን ሙሉ በሙሉ ያጡም አሉ። በ1943 መጨረሻ በዊልትሺር ያለው የኢምበር መንደርና በዶርሴት ያለው የታይነም መንደር ለወታደር ልምምድ ተወሰዱ። የታይነም ሰዎች ከገና በፊት ወጡ። አንድ ቀን እንመለሳለን፣ ቤተ ክርስቲያኑንና ቤቶቹን በጥንቃቄ ያዙልን የሚል ማስታወሻ በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ለጥፈው። አልተመለሱም። ጦሩ በ1948 ቦታውን በግዴታ ግዢ ወሰደው። ትመለሳላችሁ የሚል ቃል በይፋ ተሰጥቷል ወይስ አልተሰጠም በሚለው ዛሬም ክርክር አለ። ነዋሪዎቹ ግን አይጠራጠሩም። አብዛኞቹ ተከራይ ስለነበሩ የቤት ዋጋ አልደረሳቸውም፤ የተከፈላቸው ለጓሮ አትክልታቸው ብቻ ነው ይባላል።

ከዚያ ወዲያ

በ1944 ለገጠር ውሃና ፍሳሽ 15 ሚሊዮን ፓውንድ የሚመድብ ሕግ ወጣ። በ1948 ኤሌክትሪክ የመንግሥት ሆነና መስመሩ ቀስ በቀስ መንደሮች ደረሰ። የአካባቢ መስተዳድሮች የኪራይ ቤቶች ሠሩ፤ ለብዙ እናቶች የመጀመሪያው የቤት ውስጥ ሽንት ቤት እዚያ ነው። ትራክተር ፈረሱን ተካ፤ ከፈረሱ ጋር ሠራተኛውም ወጣ። በ1963 የአገሪቱን ባቡር ያጠናው የቢቺንግ ሪፖርት ከ2,000 በላይ የባቡር ጣቢያዎች እንዲዘጉ ሐሳብ አቀረበ፤ ብዙ የገጠር መስመር ቀረ።

ከሥራ ጋር በተሳሰረ ቤት የሚኖር የእርሻ ሠራተኛ ሥራው ሲያልቅ ዝም ብሎ እንዳይወጣ በቂ ጥበቃ ያገኘው ገና በ1976 ሕግ ነው። በ1980 ደግሞ የመስተዳድር ቤት ተከራዮች ቤታቸውን እንዲገዙ ተፈቀደ። ለብዙ የገጠር ቤተሰብ በትውልድ የመጀመሪያው የራስ ቤት ይህ ሆነ። ከከተማ የሚመጣ ገዢ ዋጋውን ስላናረው በአንዳንድ ገጠራማ አካባቢዎች ገደብ ተቀመጠ። እንዲህ ያለው ቤት ዳግም ሲሸጥ ገዢው ቢያንስ 3 ዓመት እዚያ የኖረ ወይም የሠራ ሰው መሆን አለበት።