የክረምት ንባብ በመሐል አዲስ አበባ፦ ከሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ምን ይጠበቃል?

ሰኔ ላይ ካርድ ተሰጥቶ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ተማሪው የሚሰማው ምክር ያው ነው፦ «ክረምቱን አንብቡ።» ምን ይነበብ? መስከረም ላይስ ማን ይጠይቃል? እዚህ ላይ ነገሩ ይላላል። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ትምህርት ቤቶች ለእረፍቱ የመጻሕፍት ዝርዝር ይሰጣሉ፣ ትምህርት ሲከፈትም ስላነበቡት ያጽፋሉ። እኛ ጋ አንዳንድ የግል ትምህርት ቤቶች እንደዚያ ያደርጋሉ፤ በብዙዎቹ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ግን እንደ መምህሩ ትጋት ነው።

ወላጅ «አንብብ» ሲል በአብዛኛው የሚያስበው የመማሪያ መጽሐፍን ነው። 10ኛ የሚገባው ልጅ የ10ኛን ሒሳብና ፊዚክስ ቀድሞ እንዲያይ፣ ቲቶሪያል እንዲገባ ይፈለጋል። ስጋቱ ይገባኛል። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ፤ ይህን የሰማ ወላጅ ልጁ ልብ ወለድ ይዞ ሲቀመጥ ቢደነግጥ አይገርምም። ግን ደግሞ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱም ፈተናውም በእንግሊዝኛ ነው። ረጅም ጽሑፍ ታግሶ ማንበብ ያልለመደ ልጅ ፊዚክሱን ቢያውቀውም ጥያቄውን ለመረዳት ይቸገራል።

ቦታው አለ። አራት ኪሎ፣ ፓርላማው ፊት ለፊት ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ተመርቋል፤ በአንድ ጊዜ ከ2000 ሰው በላይ ይይዛል። ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ ሲያይል ቤት ውስጥ ከታናናሾቹ ጋር አንድ ክፍል ለሚጋራ ተማሪ እንዲህ ያለ ሰፊና ጸጥ ያለ ቦታ ትልቅ ነገር ነው። በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመው ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት፣ ወመዘክርም አለ፤ አገር ውስጥ የሚታተሙ መጻሕፍት ቅጂ በሕግ የሚቀመጠው እዚያ ነው። መጽሐፍ መግዛት ግን ከብዷል። ስለዚህ ብዙው ልጅ ፒዲኤፍ ከቴሌግራም አውርዶ በስልኩ ያነባል። ደራሲው ምንም አያገኝም፣ ልጁም ገጽ ሳይጨርስ ቲክቶክ ይጠራዋል።

ምርጫውም ይታሰብበት። ለልጅ መጽሐፍ ሲጠቆም አፍ ላይ የሚቀድመው በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። ትልቅ ሥራ ነው፣ ሁሉም ቢደርስበት ደስ ይለኛል፤ ግን ከ500 ገጽ በላይ ነው፣ ሙሉ ልብ ወለድ ጨርሶ ለማያውቅ የ9ኛ ክፍል ልጅ የመጀመሪያው መሆን የለበትም። ከአጫጭር ልብ ወለዶች ይጀምር። አንድ በአማርኛ፣ አንድ ቀለል ያለ በእንግሊዝኛ፣ ለአንድ ክረምት ይበቃል። መምህሩ ሰኔ ላይ ርዕሱን በስም ይንገር፣ መስከረም በመጀመሪያው ሳምንት «እስቲ ንገሩኝ» ይበል።

ክረምት ላይ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በበጎ ፈቃድ የማጠናከሪያ ትምህርት ይሰጣሉ። ከሒሳቡና ከኬሚስትሪው ጎን በሳምንት አንዲት ሰዓት ተቀንሳ አብሮ ለማንበብ ብትውል፣ ቤቱ መጽሐፍ የሌለው ልጅም ያነበበውን የሚያወራለት ታላቅ ያገኛል።