አሻራው ተገኘ ማለት ጥፋተኛ ነው ማለት ነው?

ሰሞኑን የሚደጋገም ጥያቄ አለ፦ «አሻራው ከተገኘ በቃ፣ አለቀለት አይደል?» አላለቀለትም።

አሻራ የሚናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ይህ ጣት ይህን ዕቃ ነክቷል። መቼና ለምን እንደነካው አይናገርም።

ሱቅ ተሰብሮ ተዘረፈ እንበል። ባንኮኒው ላይ ያንተ አሻራ ተገኘ። ትናንት ዳቦ ስትገዛ ተደግፈህበት ይሆናል። አሻራህ የተገኘው ተቆልፎ በሚያድረው የገንዘብ መሳቢያ ውስጥ ከሆነ ግን ነገሩ ይከብዳል። የደንበኛ እጅ እዚያ ምን ይሠራል?

«ማሽን አይሳሳትም» የምትሉም አላችሁ። አሻራ የሚያነጻጽረው ማሽን ተቀራራቢ አሻራዎችን ያወጣል እንጂ የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው ባለሙያ ነው፤ ሰው ነው። በ2004 እ.ኤ.አ. ከማድሪድ የባቡር ፍንዳታ በኋላ የአሜሪካው የፌዴራል ምርመራ ቢሮ ኤፍቢአይ ከፍንዳታው ጋር በተያያዘ በላስቲክ ከረጢት ላይ የተገኘውን አሻራ በአሜሪካ የኦሪገን ግዛት የሚኖር የአንድ ጠበቃ ነው አለ። ሰውየው ሁለት ሳምንት ገደማ ታሰረ። የስፔን ፖሊስ ግን አሻራው የአንድ አልጄሪያዊ መሆኑን ደረሰበት። ጠበቃው ይቅርታ ተጠየቀ፣ 2 ሚሊዮን ዶላርም ተካሰ።

አሻራ ብቻውን ለጥፋተኝነት ይበቃል ወይ የሚለው ከአገር አገር፣ ከመዝገብ መዝገብ ይለያያል። በእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20 ግን ተከሳሽ በፍርድ ሂደት ላይ እያለ እንደ ጥፋተኛ አይቆጠርም።