የተሟላ ፕሮቲን ምንድን ነው? ከሽሮውስ ስንት ይገኛል?

ባለፈው ዐቢይ ጾም ታናሽ እህቴ ከጤና ምርመራ ስትመለስ ፊቷ ጠቁሮ ገባች። አንድ ባለሙያ «የእህልና የጥራጥሬ ፕሮቲን ያልተሟላ ነው» ብሏት፣ «ያልተሟላ» የምትለዋን ቃል ብቻ ይዛ ነው የመጣችው። ጾሟን መተው አትፈልግም፤ ሰውነቷ እንዲጎዳም አትፈልግም። ማታ ቁጭ ብለን ስናወራ፣ የተነገራት ሐሰት እንዳልሆነ፣ ግን ግማሹ ብቻ እንደተነገራት አስረዳኋት። ጎንደር ውስጥ እንደ እሷ የሚጨነቅ ጾመኛ ብዙ ስለሆነ ሌላውን ግማሽ ልጽፈው ወደድኩ።

ፕሮቲን አሚኖ አሲድ ከሚባሉ ጥቃቅን ቁሶች ተቀጣጥሎ የሚሠራ ሰንሰለት ነው። ሰውነታችን ለጡንቻው፣ ለደሙ፣ ለቆዳው፣ በሽታ ለመከላከያው የሚጠቀምባቸው አሚኖ አሲዶች 20 ናቸው። 11ዱን ራሱ ማዘጋጀት ይችላል። ዘጠኙን ግን አይችልም፤ የግድ ከምንበላው መምጣት አለባቸው። ዘጠኙም ለሰው በሚበቃ መጠን የሚገኙበት ምግብ «የተሟላ ፕሮቲን አለው» ይባላል። ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላልና ወተት እንዲህ ናቸው፤ ከዕፅዋትም አኩሪ አተር እዚሁ ይመደባል።

ባለ ብዙ ቀለም ጥለት የሚጥል ሸማኔን አስቡ። ቀዩ ክር ካለቀበት፣ አረንጓዴውና ቢጫው በልቃቂት በልቃቂት ቢከመርለትም ጥለቱ እዚያው ላይ ይቆማል። ሰውነትም እንደዚያ ነው። ከዘጠኙ አንዱ ሲያጥር የሌሎቹ መትረፍ ለግንባታ አይረዳውም፤ የተረፈውን እንደ ማገዶ ያነደዋል። ስለዚህ ስለ አንድ ምግብ መጠየቅ ያለበት «የትኛው ክር ነው ቀድሞ የሚያልቀው?» የሚለው ነው። በጤፍ፣ በስንዴ፣ በገብስ፣ በማሽላ ቀድሞ የሚያልቀው ላይሲን የተባለው አሚኖ አሲድ ነው።

ይህን በግልጽ ካሳዩት መካከል ቶማስ ኦዝቦርንና ላፋዬት ሜንደል የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ1914 ባሳተሙት ሥራ፣ ፕሮቲኑ ከስንዴ የሚወጣ ግላያዲን ብቻ የሆነ መኖ አይጦችን መገቡ። አይጦቹ በሕይወት ቆዩ፤ እድገታቸው ግን ተገታ። መኖው ላይ ላይሲን ሲጨመር እንደገና ማደግ ጀመሩ። የጎደለው አንድ ክር ብቻ ነበር።

አሁን ወደ ገበታችን እንምጣ። መቶ ግራም የጤፍ ዱቄት ከ11 እስከ 13 ግራም ፕሮቲን አለው። አንድ ግራም የጤፍ ፕሮቲን ውስጥ 28 ሚሊግራም ገደማ ላይሲን ይገኛል፤ ለአዋቂ ሰው የሚፈለገው ግን 45 ነው። ሽምብራ ደግሞ በአንድ ግራም ፕሮቲኑ ወደ 67 ሚሊግራም ይዟል፤ ከሚፈለገው አልፎ ይተርፋል። ምስር፣ ባቄላና አተርም ከዚህ ብዙ አይርቁም። ጥራጥሬ በበኩሉ የሚያጥረው ሜታዮኒን የተባለው ነው፤ በዚህ ደግሞ ጤፍ የታደለ ነው። ጤፉ የጎደለውን ሽምብራው፣ ሽምብራው የጎደለውን ጤፉ ይሞላሉ። እህቴን ያስደነገጣት «ያልተሟላ» የሚለው ቃል ጤፍን ለብቻው፣ ሽምብራን ለብቻው ለያይቶ ሲያዩ እውነት ነው። እንጀራ በሽሮ አጥቅሶ ለሚበላ ሰው ግን ጉድለቱ ገበታው ላይ ተሟልቷል።

ድሮ ሁለቱ በአንድ ማዕድ መቅረብ አለባቸው ይባል ነበር። አሁን እንደዚያ አይታመንም፤ ሰውነት የቀኑን አሚኖ አሲድ ስለሚያዋህድ ጠዋት የገብስ ቆሎ፣ ማታ ምስር ወጥ የበላ ሰውም ያገኘዋል። ደግሞም እናቶቻችን ሳይነገራቸው ሲያዋህዱት ኖረዋል። ስንዴና ሽምብራ አንድ ላይ የሚቀቀልበት ንፍሮ፣ ገብስና ሽምብራ የተቀላቀለበት ቆሎ፣ በጸሎተ ሐሙስ ከስንዴና ከባቄላ ክክ የሚሠራው ጉልባን ሁሉ እህልና ጥራጥሬ ናቸው። ለሕፃናት የሚዘጋጀው ፋፋም ስንዴን ከጥራጥሬ ጋር ያዋሃደው በዚሁ ምክንያት ነው።

እንግዲህ ዓይነቱ ተስተካክሏል። እኔን የሚያሳስበኝ መጠኑ ነው፤ እዚህ ላይ ነው ብዙ ቤት የሚጎዳው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው መመዘኛ አንድ ጤናማ አዋቂ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ በቀን 0.83 ግራም ፕሮቲን ያስፈልገዋል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 50 ግራም መሆኑ ነው። ላይሲን ብቻውን ሲታሰብ በኪሎ 30 ሚሊግራም፣ ለዚያው ሰው በቀን 1.8 ግራም ነው።

እህቴን ይዤ አዘዞ አክስቴ ቤት ሄድኩ፤ ትንሽ የወጥ ቤት ሚዛንም ይዤ ነበር። አክስቴ የሽሮ እህላቸውን ከቅዳሜ ገበያ ነው የሚገዙት፤ ሽምብራው የደምቢያ መሆኑን ሳይጠይቁ እጃቸውን ወደ ከረጢቱ አይሰዱም። ቁሌቱ ቀላ፣ ውሃው ፈላ፣ ሽሮውን በቡና ሲኒ ሰፍረው ሊጨምሩ ሲሉ «አንድ ጊዜ ይቆዩኝ» አልኳቸው። «አንቺ ልጅ፣ ሽሮ በሚዛን ሲሰፈር የት አይተሻል?» አሉኝ፤ ቢሆንም ሲኒዋን ሰጡኝ። አንድ ሲኒ 40 ግራም መዘነች። የሽሮ ዱቄት አምስት እጁ ላይ አንዱ ፕሮቲን ነው ብንል፣ በሲኒዋ ውስጥ ያለው 8 ግራም ነው። አክስቴ ለአምስት ሰው የሰፈሩት ሦስት ሲኒ ነበር። 24 ግራም ፕሮቲን ለአምስት ሲካፈል ለአንድ ሰው 5 ግራም እንኳ በቅጡ አይሞላም። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ አለው።

ድስቱ ግን ሙሉ ነበር። ሲንተከተክ ያምራል፣ ሽታው ግቢውን ያውዳል፤ በርበሬውና ቅመሙ ጣዕሙን ስለሚሸከሙት ሽሮው ማነሱን ምላስ አያውቀውም። እንጀራው ሆድ ይሞላል፣ ሰው ጠግቦ ይነሳል። በሁለት ወር ጾም ጉልበት ሲከዳ፣ ጸጉር ሲሳሳ፣ ቁስል አልድን ሲል «ጾሙ ነው» ይባላል። አንዳንዴ ሌላ በሽታ ሊሆን ይችላልና መመርመር ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜ ግን ጾሙን ከመውቀስ በፊት ሽሮው መቅጠኑን ማየት ይገባል ባይ ነኝ።

እዚያው ቁጭ ብለን፣ ክብደቷን 60 ኪሎ ይዘን፣ የእህቴን ቀን አሰላነው። ከአንድ ኪሎ ጤፍ ስምንት ዘጠኝ እንጀራ ቢወጣ፣ አንዱ እንጀራ 13 ግራም ገደማ ፕሮቲን ይኖረዋል። በቀን ሁለት እንጀራ ብትበላ 26 ግራም ነው፤ ከዚህ የምታገኘው ላይሲን 0.7 ግራም ብቻ ነው፣ ከሚያስፈልጋት ግማሹን አይሞላም። በዚህ ላይ ለራሷ ድርሻ ሁለት ሲኒ ሽሮ ሲጨመር ፕሮቲኑ 42፣ ላይሲኑ 1.8 ይሆናል። ላይሲኑ ልክ ገባ። ለቀረው 8 ግራም ፕሮቲን አንድ ሁለት እፍኝ ቆሎ ወይም ንፍሮ፣ ካለም ትንሽ ኦቾሎኒ ይበቃል። የእህልና የጥራጥሬ ፕሮቲን እንደ ሥጋው ሙሉ በሙሉ ስለማይፈጭ ትንሽ ማለፉ ይሻላል እንጂ ማነሱ አይመከርም። የማሽላ እንጀራ የሚበላ ቤት ደግሞ ጥራጥሬውን የበለጠ ማብዛት አለበት፤ የማሽላ ላይሲን ከጤፍም ያነሰ ነው።

ሁለቱም ሲኒ ሽሮ ይሁን ማለቴ አይደለም። አንዱ ምስር ወይም ክክ ወጥ ሊሆን ይችላል፤ እልበትም ስልጆም አለ። በጥር ደግሞ ከነቅጠሉ ታስሮ የሚሸጠው እሸት ሽምብራ አለ፤ እየፈለፈሉ ሲበሉት መክሰስ ይመስላል እንጂ እሱም ጥራጥሬ ነው። ከመተማና ከሁመራ የሚመጣው ሰሊጥ በሜታዮኒን የበለጸገ ስለሆነ ለጥራጥሬ ጥሩ ጓደኛ ነው። ጎመን፣ ድንችና ካሮት ለሌላ ነገር ያስፈልጋሉ፤ የበየዓይነቱ ትሪ በእነሱ ተሞልቶ ሽሮና ምስሩ ጠርዝ ላይ በማንኪያ ጠብ ብሎ ሲቀርብ ግን ዓይን እንጂ ሰውነት አይጠግብም።

ጥራጥሬ በፕሮቲን ለምን እንደበለጠ ገበሬው በራሱ መንገድ ያውቀዋል። ሽምብራ ክረምቱ ሲወጣ በደምቢያ ዋልካ መሬት ላይ፣ አፈሩ ባስቀረው እርጥበት ይበቅላል። ሥሩ ላይ እባጭ የሚመስሉ ጥቃቅን ነገሮች አሉ፤ በውስጣቸው የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ከአየር ናይትሮጅን እየያዙ ለተክሉ ይሰጡታል። ፕሮቲን ያለ ናይትሮጅን አይሠራም። ጤፍ ይህ ረዳት የለውም፤ ሽምብራ በነበረበት መሬት ላይ ሲዘራ የሚያምርበትም ለዚህ ነው።

አንድ ጥራጥሬ ግን ለይቼ ላስጠነቅቅ፤ ጓያን። ፕሮቲኑ ብዙ ነው፣ ላይሲኑም አያንስም፣ ዋጋውም ይቀላል፤ ሽሮ ላይ የሚቀላቅለው ብዙ ነው። ነገር ግን በውስጡ ያለው መርዛማ አሚኖ አሲድ፣ ጓያው ዋና ምግብ ሆኖ ለወራት ሲበላ እግርን ያሽመደምዳል። «ጓያ ሰበረው» የሚባለው ይኸው ነው፤ አንዴ ከሰበረ መዳኛ የለውም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ደምቢያና ፎገራ ላይ ብዙ ሰው ተጎድቶበታል። ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት መርዙን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ፕሮቲን ፍለጋ ብሎ በጓያ ላይ መደገፍ ፈጽሞ አይገባም።

«ለፋሲካ ሥጋው ይክሰዋል» የሚለውንም ማንሳት አለብኝ፤ ቤታችን ውስጥም ይባላል። ሰውነት ስብን ያጠራቅማል፤ ለፕሮቲን ግን ጎተራ የለውም። ሲያጥረው የሚበደረው ከራሱ ጡንቻ ነው። 55 ቀን የጎደለ በሁለት ቀን ድግስ አይተካም፤ የዕለቱ ለዕለቱ መገኘት አለበት። እስከ 9 ሰዓት የሚቆይ ጾመኛ ደግሞ የመብያ ሰዓቱ ስለሚያጥር ለእያንዳንዱ ገበታ የበለጠ መጠንቀቅ ይኖርበታል። የቫይታሚን ቢ12 ነገር የተገላቢጦሽ ነው። ጉበት ለረጅም ጊዜ ያስቀምጠዋልና ጾሙ ሲፈታ ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት የሚበላን ሰው ጾሙ ብቻውን አያሳጣውም። ዓመቱን ሙሉ የእንስሳት ተዋጽኦ ለማይበላ ሰው ግን ከዕፅዋት ስለማይገኝ ኪኒኑን ወይም ቢ12 የተጨመረበትን ምግብ መውሰድ ግዴታው ነው።

ነፍሰ ጡር ሴት በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ከወትሮው 30 ግራም ያህል ተጨማሪ ፕሮቲን ያስፈልጋታል፤ ይህ ወደ አራት ሲኒ ሽሮ ነው። የምታጠባም ብዙ መጨመር አለባት። እነሱ ጾሙን በተመለከተ ከሐኪምም ከንስሐ አባታቸውም ጋር ቢነጋገሩ እመክራለሁ። ሕፃንን በእህል አጥሚት ብቻ ማሳደግ ደግሞ ኦዝቦርንና ሜንደል በአይጦቹ ላይ ያዩትን በልጅ ላይ መድገም ነው፤ አጥሚቱ ውስጥ የሽምብራ ወይም የባቄላ ዱቄት ይግባበት።

እህቴ ጾሙን ጨረሰች። አክስቴ አሁን ለአምስት ሰው በአንድ ገበታ አምስት ሲኒ ይሰፍራሉ፤ ውሃውንም ቀንሰዋል። የሽሮ እህሉ ቶሎ ቶሎ ስለሚያልቅ ዘንድሮ ከደምቢያ ሽምብራ በኩንታል እንዲመጣላቸው አዘዋል፤ ለቅሞ ማጽዳቱን ለእኔና ለእህቴ ነው የተዉልን።