ሩባቶ ምንድን ነው? ጊዜ የሚሰርቁት ፒያኒስቶች

የፖላንዳዊውን የሙዚቃ ደራሲ የሾፓንን ኖክተርን (የሌሊት ስሜት ያለው የፒያኖ ሥራ) ኦፐስ 9 ቁጥር 2 ክፈቱና ጠረጴዛውን በጣታችሁ እየመታችሁ አዳምጡ። ስሙን ባታውቁት እንኳ ዜማው አንድ ቦታ ጆሯችሁ ገብቷል። ግራ እጅ አንድ ወፍራም ድምፅ ይመታና ሁለት ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) ያስከትላል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። እንደገና አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ቀኝ እጅ ከላይ ይዘፍናል። ጣታችሁ ለጥቂት ሰከንድ ከሙዚቃው ጋር አብሮ ይሄዳል። ከዚያ ዜማው ከፍ ሲል ፒያኒስቱ ትንሽ ይዘገይና እናንተ ቀድማችሁት ትገኛላችሁ። ወዲያው ደግሞ እሱ ይፈጥናል፣ እናንተ ትቀራላችሁ። ተሳስቶ አይደለም። ሩባቶ የሚባለው ይሄ ነው።

ቃሉ የጣልያን ነው። ሙሉ ስሙ ቴምፖ ሩባቶ ሲሆን «የተሰረቀ ጊዜ» ማለት ነው። ከአንዱ ኖታ ላይ ትንሽ ጊዜ ተቀንሶ ለሌላው ይሰጣል። የመጣውም ከፒያኖ ሳይሆን ከዘፈን ነው። ጣልያናዊው የድምፅ መምህር ፒየር ፍራንቼስኮ ቶሲ እ.ኤ.አ. በ1723 ባሳተመው መጽሐፍ ጉዳዩን አንስቶታል። ዘፋኙ ጊዜ ቢሰርቅ ያስከብረዋል እንጂ አያስነቅፈውም፣ ግን የወሰደውን በብልሃት መመለስ አለበት ይላል። ትዝታ ሲዘፈን ክራሩ መንገዱን ይዞ እየሄደ ድምፁ ወደ ኋላ ቀርቶ፣ ቀርቶ፣ በመጨረሻ ሲደርስበት የሰማ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል።

ሞዛርትም በ1777 ለአባቱ በጻፈው ደብዳቤ ሰዎች በዝግታ በሚሄድ ሙዚቃ ውስጥ ቀኝ እጁ ሲንሳፈፍ ግራው ምቱን ሳይለቅ መቅረቱ እንደሚገርማቸው ነግሮታል። እነሱ ሲጫወቱ ግራ እጃቸው ሁልጊዜ ቀኙን ይከተላል። ሾፓን ለተማሪዎቹ የሚያስተምረውም ይህንኑ ነበር። ግራ እጅ እንደ ኦርኬስትራ መሪ ነው፣ አይናወጥም። ቀኝ እጅ የፈለገውን ያድርግ። ሰው ሾፓንን እንደ ህልመኛ ነው የሚያስበው፤ ተማሪው ካሮል ሚኩሊ ግን ምት የሚቆጥረው መሣሪያ፣ ሜትሮኖም፣ ከፒያኖው ላይ ጠፍቶ እንደማያውቅ ተናግሯል።

ስለዚህ ሩባቶ ሁለት ዓይነት ነው ማለት ይቻላል። በድሮው ዓይነት ግራ እጅ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ የሚሰርቀው ዜማው ብቻ ነው። በሌላው ዓይነት ሁለቱም እጆች አብረው ይዘገያሉ፣ አብረው ይፈጥናሉ። ዛሬ በብዛት የምንሰማው ሁለተኛውን ነው።

የታላላቅ ፒያኒስቶች ወሬ ሲነሳ ብዙ ጊዜ ክርክሩ ማን ፈጠነ፣ ማን ኖታ ሳተ ላይ ይቀራል። እኔ በዚህ አልስማማም። ፍጥነት በልምምድ ይመጣል። አንድን ፒያኒስት ከሌላው የሚለየው ጊዜውን የት እንደሚሰርቅና እንዴት እንደሚመልስ ነው። ደግነቱ የድሮዎቹ ሸክላዎች አሉልን፤ ጎን ለጎን አድርጎ መስማት ይቻላል።

ከራውል ኮቻልስኪ ጀምሩ። በልጅነቱ የተማረው ከሚኩሊ ነው፣ ሚኩሊ ደግሞ ከራሱ ከሾፓን። ይህን ኖክተርን በ1938 ሲቀዳ ግራ እጁ የሰዓት ያህል ባይሆንም ይረጋል፣ ቀኙ ግን ከላዩ ላይ እንደ ልቡ ይሄዳል። አንዳንዴ ዜማው ከባሱ፣ ከግራ እጅ ወፍራም ድምፅ፣ ትንሽ ዘግይቶ ይገባል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማ ሰው «እጆቹ አልተገናኙለትም» ይላል። በእሱ ዘመን ግን ይህ አነጋገር ነበር፤ ዜማው እንዲለይ፣ እንደ ሰው ድምፅ እንዲሰማ።

ሰርጌይ ራክማኒኖቭ ያንኑ ኖክተርን በ1927 ቀድቶታል። እሱ ሌላ ሰው ነው። እያንዳንዱ ሥራ አንድ ከፍታ አለው፣ ያንን ነጥብ የሳተ ፒያኒስት ሙሉውን ሥራ ሳተ ብሎ ያምን ነበር። ሲሰርቅም ወደዚያ ነጥብ እያየ ነው። የሚያቆየው ኖታ በዘፈቀደ የተቆየ አይመስልም፤ ከሩቅ ሲጠበቅ የነበረ እንግዳ ነው የሚመስለው።

አርተር ሩቢንስታይን ኖክተርኖቹን በ1930ዎቹ ቀድቶ ነበር፣ በ1960ዎቹ ደግሞ እንደገና። በኋለኛው ቅጂ ስርቆቱ በጣም ጥቂት ነው። እጆቹ አብረው ያርፋሉ፣ ዜማው ሳይጨናነቅ ይተነፍሳል። ሾፓንን ለማያውቅ ሰው የምሰጠው ይህን ነው። ለራሴ ግን ወደ ኮቻልስኪ እመለሳለሁ።

የተሰረቀው ጊዜ የግድ ይመለስ ወይ? በዚህ ላይ ባለሙያዎቹ ራሳቸው አልተስማሙም። ኢግናሲ ፓዴሬቭስኪ፣ በ1919 የፖላንድ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው ፒያኒስት ማለት ነው፣ የጠፋ ጊዜ ጠፋ እንጂ ዕዳ የለበትም ባይ ነበር። ስለ ሩባቶ ራሱን የቻለ ጽሑፍም ጽፎበታል። ሸክላዎቹን ስትሰሙ እንዳለው ሲያደርግ ታገኙታላችሁ። እኔ ከቶሲ ጋር ነኝ። የማይመለስ ጊዜ ሲበዛ ሙዚቃው ይጎተታል፣ ጆሮም ይደክማል።

የእኛም ሰው አለች። እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ በልጅነቷ ስዊዘርላንድ ቫዮሊንና ፒያኖ ተምራለች፣ በኋላም ካይሮ ቀጥላለች። ስትጫወት ምቱን በጣት መቁጠር ያስቸግራል። አንዱ ሐረግ ይንጠለጠላል፣ ዝም ይላል፣ ከዚያ ሌላው ይወርዳል። የአውሮፓው ትምህርት እጇ ውስጥ አለ፣ የሀገር ቤት ዜማም አለ። ይህን ሩባቶ ብቻ ብሎ ማለፍ ይከብደኛል፤ ጆሮዋ ቀድሞ በእኛ ዜማ አተነፋፈስ የተቃኘ ይመስለኛል።

ከሁሉም የሚከብደው ግን ማዙርካ ነው። ማዙርካ የፖላንድ ጭፈራ ነው፣ ባለ ሦስት ምት። በ1840ዎቹ ፓሪስ ውስጥ ተማሪው ቪልሄልም ፎን ሌንስ አንዱን ማዙርካ ሾፓን ፊት ሲጫወት ታዋቂው የኦፔራ ደራሲ ማየርቤር ገባ። ሰማና «ይሄ ባለ ሁለት ምት ነው» አለ። ሾፓን ባለ ሦስት ነው አለው። ማየርቤር አልተቀበለም። ሁልጊዜ ጨዋ የነበረው ሾፓን ቱግ አለ፤ ራሱ ፒያኖው ላይ ተቀምጦ ጮክ ብሎ እየቆጠረ፣ በእግሩ ወለሉን እየመታ ደጋግሞ ተጫወተው። ማየርቤር አሁንም አልተዋጠለትም፣ ተቀያይመው ተለያዩ።

ፒያኒስቱ ቻርልስ ሃሌም ተመሳሳይ ነገር ገጥሞታል። ሾፓን ማዙርካ ሲጫወት በየመስመሩ፣ ሦስት ምት ሊኖረው በሚገባው በእያንዳንዱ ክፍል ማለት ነው፣ አራት ምት ሰማ፤ ነገረው፣ ሾፓን ካደ። ሃሌ ሾፓን እየተጫወተ እሱ ጮክ ብሎ አራት ቆጠረ፣ ልክ ሆኖ ተገኘ። ሾፓን በዚህ ጊዜ ሳቀ። የጭፈራው ባሕርይ ነው አለው። ሃሌ እንደተረዳው ሾፓን የመጀመሪያው ኖታ ላይ በጣም ስለሚቆይ ሦስቱ አራት ይሆናሉ። ወረቀቱ ላይ ግን የተጻፈው ሦስት ብቻ ነው።

የሾፓን ድምፅ አልተቀዳም። ይህን ታሪክ በጆሮ ለመቅመስ የቀረበው መንገድ ለእኔ ኢግናዝ ፍሪድማን ነው። በ1882 ከክራኮቭ አጠገብ ነው የተወለደው። በ1930 ከቀዳቸው ማዙርካዎች ውስጥ ኦፐስ 33 ቁጥር 2 አለ። ግራ እጁን ብቻ ተከታተሉ። ባሱ ይረግጣል፣ ሁለተኛው ምት ቸኩሎ ይመጣና ይጫናል፣ ሦስተኛው ተንሳፍፎ ይቀራል፤ የጨፋሪ እግር አየር ላይ እንዳለ ማለት ነው። ስርቆቱ በየመስመሩ አለ፣ ግን ጭፈራው አንዴም አይደናቀፍም።

እኔም ጠረጴዛ ላይ እየመታሁ ቆጥሬዋለሁ። ሦስት ብዬ ጀመርኩ፣ ስምንተኛው መስመር ላይ ጣቴ ጠፋበት። እንደገና ጀመርኩ፣ እንደገና ጠፋብኝ። በሦስተኛው ሙከራ መቁጠሩን ትቼ እግሬን ለቀቅኩት። እግሬ አልሳተም።