ስትነሳም ስትተኛም ተጫወተው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

እንኳን አደረሳችሁ እህት ወንድሞቼ። ትምህርት ተጀምሯል፣ ደብተሩም ተለበደ ዩኒፎርሙም ተሰፋ፣ ወደ ቃሉ ከመግባታችን በፊት ግን አምና በዚህ ሰሞን የሰራሁትን ጉድ ልንገራችሁ። ኤ ፎር ወረቀት ላይ የቤተሰብ ፕሮግራም ጻፍኩ፣ 11፡30 መነሳት፣ 11፡45 የጋራ ጸሎት፣ 12፡15 ንባብ፣ ማታ ጥናት፣ ከጥናት በኋላ መዝሙር፣ ምናምን፣ በከለር አሳምሬ ፍሪጁ ላይ ለጠፍኩት። ሶስት ቀን ሰራ። ከዛ በኋላ በጭቅጭቅ ነው የተገፋው፣ መስከረም 21 ግሸን ሄደን ደክሞን ስንመለስማ በቃ፣ ስለ ወረቀቱ ትንፍሽ ያለ የለም፣ እኔም ጭምር። እስከ ጥር ዘይት ነክቶት እዛው ተለጥፎ ነበር።

ዘንድሮ ወረቀት ከማንሳቴ በፊት ዘዳግም 6፡7ን ቁጭ ብዬ አነበብኩት። "ለልጆችህም አስተምረው፥ በቤትህም ስትቀመጥ፥ በመንገድም ስትሄድ፥ ስትተኛም፥ ስትነሣም ተጫወተው" ይላል። ሰንበት ትምህርት ቤት እያለን ስንቴ ሰምተነዋል፣ ግን እዩት እስቲ፣ ሙሴ አንድም አዲስ ሰዓት አልጨመረብንም እኮ። መቀመጥ፣ መሄድ፣ መተኛት፣ መነሳት፣ እነዚህ የማንም ቤት ውስጥ ያሉ ናቸው፣ የሚጸልይም የማይጸልይም ሰው ይተኛል ይነሳል። እኔ አምና የጠፋሁት ለእግዚአብሔር ሌላ ሰዓት ልፈልግለት ስሯሯጥ ነው፣ ያለውን ትቼ።

ደግሞ "ተጫወተው" ነው ያለው። ወሎ ላይ ጨዋታ ምን እንደሆነ ለናንተ አልነግርም፣ ቡና ቀርቦ አንዱ ያወራል አንዱ ይቀበላል፣ ህጻኑም መሀል ገብቶ ይጠይቃል። የኔ ግን ጨዋታ አልነበረም፣ እኔ ብቻ የማወራበት ስብሰባ ነበር።

ስለዚህ ዘንድሮ የጀመርነው ከማታ ነው። ኦሪት ዘፍጥረትም "ማታም ሆነ ጥዋትም ሆነ" ነው የሚለው፣ ማታው ይቀድማል፣ ቤተክርስቲያናችንም ቀኑን ከዋዜማው ነው የምትይዘው። እውነቴን ነው ጠዋት የሚበላሸው ማታ ነው፣ አንድ እግር ካልሲ ጠፍቶ ስንጯጯህ ማን አቡነ ዘበሰማያት ይላል? ስለዚህ ቦርሳ፣ ካልሲ፣ ጫማ ማታ ይዘጋጃል፣ ስልክ ሁሉ ሳሎን ቻርጅ ላይ ይቀራል (የአባወራውም ጭምር፣ እዚህ ላይ ትንሽ ክርክር ነበር)፣ ከዛ ልጆቹ አልጋቸው ላይ ሆነው አጭር ጸሎት፣ ከቀኑ ደስ ያላቸውን አንድ ነገር ይናገራሉ፣ ያስቀየሙትም ሰው ካለ እንደዛው።

ጠዋት ደግሞ ሻዩ እስኪፈላ ብቻ ነው። አማትበን፣ አቡነ ዘበሰማያት፣ በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል፣ አለቀ። ጎረቤታችን ሙስሊም ናቸው፣ የሱብሂ አዛን ሲል እሳቸው ቤት መብራት ይበራል፣ ልጆቻቸውም ይነሳሉ፣ አንድ ቀን እንዴት ነው የሚያስነሷቸው ብላቸው "እኔ ስነሳ ይነሳሉ፣ ምን ሌላ አለው" አሉኝ። አፈርኩ፣ እኔ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ "ተነሱ" እያልኩ ነበር የምጮኸው፣ የደሴ ብርድ ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ኮምቦልቻ ያላችሁ ምን አለባችሁ!

መንገዱ ላይ ነው ግን ያልጠበቅኩትን ያገኘሁት። ባለፈው ሳምንት ትንሹን ይዤው ስሄድ ጉሙ ከተማውን ሁሉ ሸፍኖታል፣ "እማዬ ጦሳ ዛሬ የለም" አለኝ፣ ከደሴ በላይ ያለውን ተራራ ማለቱ ነው። "አለ እንጂ፣ ጉሙ ነው" አልኩት። ዝም ብሎ ሄደ ሄደና አስፋልቱን ልንሻገር ስንል "እግዚአብሔርም እንደዛ ነው?" አለኝ። አዎ አልኩት። እሱም ጓደኛውን አየና እየሮጠ ሄደ። ፍሪጁ ላይ ብጽፈው ይሄ የትኛው ሰዓት ላይ ይገባ ነበር?

ምሳ ዕቃውም ሌላ አስተማሪ ነው። ትንሹ 7 ዓመት ስለሞላው ረቡዕና አርብ ጾም ጀምሯል፣ ረቡዕ ጌታን ሊይዙት የተማከሩበት አርብ የተሰቀለበት መሆኑን ምስሩን እየጨመርኩለት ነው የነገርኩት። ሽሮ አይፈልግም። እህቱ ሁለተኛ ክፍል ሆና ምሳዋን በእንቁላል ቀይራ በልታ ማታ ራሷ እያለቀሰች ነግራኛለች፣ አልቆጣኋትም፣ መናገሯ ይበልጥብኛል።

ዳንኤልን ደግሞ አስቡት። እንዳይጸለይ አዋጅ ሲወጣ አዲስ ነገር አልጀመረም፣ "ቀድሞም ያደርግ እንደ ነበረ" በቀን ሶስት ጊዜ ተንበረከከ ይላል፣ ምዕራፍ 6 ቁጥር 10። ይቺን ቃል በ2014 ጥቅምት ነው የተረዳኋት። ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ከቤታችን ወጥተን ዘመድ ቤት አስራ ምናምን ሰው ሆነን መሬት ላይ ተደርድረን ስንተኛ ትምህርት የለ፣ ሰዓት የለ፣ ምግቡም እንደተገኘ ነው፣ እኔ ራሴ ጸሎት ረስቻለሁ፣ ያኔ ሰባት ዓመቷ የነበረችው ልጄ ግን "ሳንጸልይ ልንተኛ ነው እንዴ" አለች። ሁላችንም ተነሳን፣ የቤቱም ሰዎች አብረውን።

ያቺው ልጅ አሁን የከሰዓት ፈረቃ ደርሷታል፣ እኔ ስራ ስሄድ ታናሽዋም የለም፣ ጠዋቱን ብቻዋን ናት። የእለቱን ውዳሴ ማርያም በክር ምልክት አድርጌ ጠረጴዛ ላይ ትቼላት እሄዳለሁ፣ ሰኞ ሰኞን፣ ማክሰኞ ማክሰኞን። አንዳንድ ቀን ስመለስ ክሩ ተነስቶ አገኘዋለሁ። ትናንት እንደነበረ ነው ያገኘሁት፣ ምንም አላልኳትም፣ ዛሬ ማታ ቡና አብረን እናፈላለን።